ከምጽዋት ወደ መግቢያ በር



የታሪክ ተመራማሪ ሕግን ሲያነብ “ምን ይላል?” ብሎ ብቻ ሳይሆን “ችግሩ የማን ነው ይላል?” ብሎም ይጠይቃል። ዛሬ በዚህ ጥያቄ አራት ሰነዶችን አነባለሁ። ጉዳዬ አካል ጉዳተኞች ሰው ከሰው ወደሚገናኝበት ስፍራ፣ ወደ አዳራሹ፣ ወደ ቴአትር ቤቱና ወደ ቡና ቤቱ የመግባታቸው ነገር ነው።

በ1963 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70 ለአካል ጉዳተኞች የመልሶ ማቋቋሚያ ተቋም መሠረተ። አካል ጉዳተኛን የተረጎመው ግን በጤና ጉድለት ምክንያት ሠርቶ ማደር ያልቻለና ጧሪ የሌለው ሰው በማለት ነው። በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ሠርቶ ማደር ያልቻለውንም እዚያው ጨመረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን ከአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከቀሩ ሕፃናት ጋር በአንድ ተርታ ያነሣቸዋል፤ የሚሰጣቸውም አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ ነው። መንግሥት ተለወጠ፤ ተርታው ግን አልተለወጠም።

የአነጋገሩ ለውጥ የመጣው በ2001 ዓ.ም. በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው። አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዘዘ። እንደ እኔ ንባብ፣ እዚህ ላይ ጉድለቱ ከሰውየው ወደ ሕንፃው ተሻገረ። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ቴአትርን፣ ሲኒማንና መዝናኛን ሳይቀር በመብትነት ቆጠረ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። ምጽዋት ሰውን እስከ ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ጓደኛ ግን የሚገኘው፣ ትዳርም የሚታሰበው፣ ዕድርም የሚመከረው ሰው በተሰበሰበበት ነው። “ሰው እንዳይቀር ተሸክመን እናስገባዋለን” የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ደግነቱን አልክድም፤ ነገር ግን ተሸክመው ያስገቡት ሰው ሲሻው አይወጣም፤ ሳይጠራም አይመጣም። የ1963ቱ ጧሪ ፈላጊ ትርጉም፣ በአዲሱ ሕንፃ ደረጃ ላይ ዛሬም ይኖራል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ደረጃን እንደ ሰነድ አንብቡት። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ብቻ ሳይሆን፣ ማንን አስቦ እንደተሠራና ማንን እንደዘነጋም ይናገራል።