ከአባን እስከ አስጎብኚ፦ እንግዳን በሐረር የማዞር ሙያ

በሐረር እንግዳን ይዞ የማስገባት ሥራ ከቱሪዝም በፊት የነበረ ነው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጀጎልን ግንብ ሲያሠሩ ከተማዋን ከወራሪ መከላከል ዋናው ዓላማቸው ቢሆንም፣ ግንቡ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ሁሉ በአምስት በሮች ብቻ እንዲያልፍ አስገደደ። እነዚህ በሮች ሐረሪዎች አሱም በሪ፣ አርጎ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ በድሪ በሪና አስመዲን በሪ የሚሏቸው ናቸው፤ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ደግሞ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። በዚያ ዘመን ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ቀን ቀን ደግሞ ከገጠር የመጣ ሰው ጦሩን እዚያው አስቀምጦ ይገባ ነበር። የማይታወቅ ሰው ከመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን ጋር ነህ?» ነበር። ብቻውን የመጣ መልስ አልነበረውም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ሰው በሶማሌ ምድር አባን ይባል ነበር። ከዘይላ ወይም ከበርበራ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚዘልቅ ነጋዴ በየጎሳው ግዛት ሲያልፍ አባን መያዝ ግዴታው ነበር። አባኑ ግመል ያከራያል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ ያስተረጉማል፣ ጠብ ሲነሣ ይሸመግላል፤ ከሁሉ በላይ ግን የእንግዳው ሕይወትና ንብረት በራሱና በጎሳው ክብር ላይ ያረፈ ነው። እንግዳው ቢዘረፍ የተዋረደው አባኑ ነው። ክፍያውም በጨርቅ፣ በትምባሆና ከንግዱ በሚደርሰው ድርሻ ነበር። ዛሬ በፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሞ ጎብኚ የሚጠብቀው ወጣት የዚህ ሰው የሥራ ወራሽ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ የቀረው ዋስትናው ነው።

የዚህን ሥርዓት አሠራር በዝርዝር ጽፎ ያስቀረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር። የዘይላው ገዢ ሐጂ ሸርማርኬ አባን ያዙለት። መንገዱ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ፤ ሐረር አፋፍ ላይ ሲደርስም ገራድ አደን የተባሉት የአካባቢው ባላባት አስተናገዱት። እዚያ አስመሳይነቱን ተወና የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ ብሎ ለመግባት ወሰነ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 በምሥራቁ በር ቆሞ ፈቃድ እስኪመጣለት ጠበቀ። በረኛው ከበቅሎው አስወርዶ አስከትሎት ወደ አሚሩ ግቢ ሲያመራ፣ በግቢው ደጃፍ እንደ ሀገሩ ወግ እየሮጠ እንዲገባ ታዘዘ። በርተን እምቢ አለ። መሣሪያ አስረክብ በሚለውም ላይ ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ አሚር አሕመድ ኢብን አቡ በክር ፊት ቀረበና አሥር ቀን ቆይቶ በሰላም ወጣ።

በዚያ ዘመን በከተማዋ የሚነገር አንድ ትንቢት ነበር፤ የመጀመሪያው ክርስቲያን ባዕድ በሯን ያለፈ ዕለት ሐረር ነጻነቷን ታጣለች የሚል። በርተን ራሱ መዝግቦታል። ሃያ ዓመት ከዘጠኝ ወር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1875፣ በራዑፍ ፓሻ የሚመራው የግብፅ ጦር ከተማዋን ያዘ። ትንቢቱን ከልብ ለሚያምን ሰው ማስረጃው ሞልቷል ማለት ነው።

ግብፆች አሥር ዓመት ቆዩ። በእነሱ ዘመን በሩ ለአውሮፓ ነጋዴ ተከፈተ፤ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ለቡና፣ ለቆዳና ለዝሆን ጥርስ መጡ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1880 በባርዴ ኩባንያ ተቀጥሮ የመጣው የ26 ዓመቱ አርተር ራምቦ ነው። ቅኔ ከተወ ቆይቷል፤ ሐረር የመጣው ለንግድ ነበር። ስሙን በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያስጠራው ስለ ኦጋዴን የተጻፈው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1884 ሲታተም፣ ወደ በረሃው ዘልቆ የገባው ግን ሶቲሮ የተባለው ግሪካዊ ረዳቱ ነበር፤ ሶቲሮም የዘለቀው በሀገሬው ሰው እየተመራ ነው። የፈረንጁ ጉዞ ታሪክ ሲጻፍ መንገድ መሪው ሁልጊዜ ከስር የሚቀር ስም ነው፣ እሱም ከተጻፈ። ራምቦን በተመለከተ አንድ ስም ተርፏል፤ ጃሚ። ይህ የሐረር ወጣት ለዓመታት አገልጋዩና የቅርብ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ራምቦ በጉልበቱ በሽታ መራመድ ተስኖት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ ሲያወርዱት፣ በኋላም ማርሴይ ሆስፒታል ተኝቶ ሲያጣጥር፣ ደጋግሞ ያነሣው የነበረው ጃሚን ነው። የተናዘዘለት ገንዘብም ነበር።

ግብፆች ከወጡ ወዲያ፣ በ1879 ዓ.ም ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ ሐረር በምኒልክ ግዛት ሥር ገባች፤ ራስ መኮንንም ገዢ ሆኑ። እንግዳ የሚቀበለው አሁን የአሚሩ በረኛ አልነበረም፤ የራስ መኮንን ሹማምንት እንጂ። ይሁን እንጂ የከተማዋን የእንግዳ ሥራ ከሥሩ የለወጠው ባቡሩ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ የነበረ ቢሆንም ተራራው አስቸገረና በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የዘይላው የግመል መንገድ እየደከመ ሄደ። የአባኑም ሥራ አብሮ ደከመ፤ እንግዳው ከድሬዳዋ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ብቻ ስለሚቀረው የጎሳ ዋስ መያዝ አላስፈለገውም። ያስፈለገው የሚያርፍበት ቤትና ከተማዋን የሚያሳየው ሰው ነበር።

የዚህ አዲስ ዓይነት እንግዳ ጥሩ ምሳሌ ደራሲው ኤቭሊን ዋው ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ሊዘግብ መጥቶ፣ በዓሉ ሲያልቅ በ1923 ዓ.ም ወደ ሐረር ወረደ። ንግድም ሆነ ሹመት አላመጣውም፤ ሊያይ ብቻ ነበር የመጣው። ያሳየውም አርመናዊው የሆቴሉ ባለቤት ነው። ሆቴል ያለው ሰው እንግዳውን ራሱ ይዞ በየሱቁና በየቤቱ እያዞረ ማስተዋወቁ ለሐረር አዲስ ነገር ነበር። ዋው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ነበረው፤ ራምቦን የሚያስታውስ ሰው መፈለግ። የካቶሊኩን ጳጳስ አቡነ ዣሮሶን፣ የወጣቱ ተፈሪ መኮንን መምህር የነበሩትን አረጋዊ፣ ሄዶ ጠየቃቸው። ጳጳሱ ያስታወሱት ቁም ነገረኛና ከሰው ብዙ የማይቀላቀል ነጋዴ እንጂ ባለቅኔ አልነበረም። በሐረር የራምቦን አሻራ መፈለግ ከዚያ ወዲህ የብዙ ፈረንጅ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም ከተማዋን ሲይዙ ከግንቡ ውጭ አዲስ ከተማ መሥራት ጀመሩ። የጣሊያን የቱሪስት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥም ሐረር ገባች። እንግዳን ያለ ሰው ምሪት በጀጎል ሊያዞር የሞከረ የመጀመሪያው ነገር ይህ የወረቀት አስጎብኚ ሳይሆን አይቀርም። ሙከራው ብዙ የረዳ አይመስልም፤ ዛሬም ካርታ ይዞ የገባ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው መውጫውን ይጠይቃል።

ጉብኝትን መንግሥት በሥራነት የያዘው በ1954 ዓ.ም ገደማ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም ነው። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር የእርሳቸው ነው። በዚያ ዘመን የሀገሪቱ ጀብዱ በአብዛኛው ወንዝና ተራራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካውያን ወጣቶች አዋሽንና ኦሞን በጎማ ጀልባ ወርደው ሶቤክ የተባለውን የጀብዱ ጉዞ ድርጅት አስጀመሩ። ሐረር ጎማ የሚያንሳፍፍ ወንዝ የላትም። የኤረር ወንዝ በበጋ ብዙው አሸዋ ነው። ለእንግዳ የምታቀርበው ጀብዱ ማታ ከግንቡ ውጭ፣ በጅብ ጥርስ ፊት ነው።

ጅብና ሐረር የቆየ ስምምነት አላቸው። በግንቡ ሥር ወራባ ኑዱል የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው፣ ሌሊት ደግሞ ጅቦች ቆሻሻና አጥንት ለመልቀም የሚገቡባቸው። አውስትራሊያዊው አንትሮፖሎጂስት ማርከስ ቤይንስ ሮክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው ጅቦቹ መተላለፊያዎቹን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሰውም ሲያገኛቸው ገለል ይላል እንጂ አይጮኽም። ጅብ ጂኒ ይበላል የሚል እምነትም አለ፤ ስለዚህ ሲመጣ ክፋቱን ይዞ ይሄዳል ይባላል። በአሹራ በዓል፣ በሙሐረም አሥረኛ ቀን፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ከከተማው ውጭ ለጅቦች ይቀርባል። በደንብ ከበሉ ዓመቱ የደህና ነው፤ ሳይነኩት ከሄዱ ወይም ጠርገው ከበሉት ረሃብ ወይም በሽታ ይፈራል። በጥንት ረሃብ ጊዜ ቅዱሳን ጅቦችን ገንፎ አብልተው ሰውን እንዳይነኩ ተዋዋሉ የሚለው ትውፊት የዚህ ሥርዓት መነሻ ተደርጎ ይተረካል።

በየምሽቱ ለተመልካች ማብላቱ ግን ከዚህ የተለየና የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ሲሆን፣ ስማቸው ከሁሉ የገነነው ዩሱፍ ሙሜ ለአሠርት ዓመታት አብልተው ልጃቸው አባስ ተክተዋቸዋል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መጋቢው ከቄራ የተረፈ ሥጋና ጅማት በቅርጫት ይዞ ጨለማው ውስጥ ይቀመጥና ጅቦቹን ባወጣላቸው ስም ይጠራል። መጀመሪያ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ቀጥሎ ደፋሯ ትቀርባለች። በጅብ መንጋ እንስቷ የበላይ ስለሆነች ቅድሚያውም የእሷ ነው። መጋቢው አጭር እንጨት ጫፍ ላይ ሥጋውን ጠቅልሎ፣ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ይሰጣታል። ከዚያ ተራው የእንግዳው ነው። አስጎብኚው የባጃጁን መብራት አብርቶ፣ እንግዳውን አንበርክኮ፣ እንጨቱን ያስይዘዋል። ሥጋውን ከፍ አድርጎ ከእንግዳው ትከሻ በላይ ከያዘው ጅቡ የፊት እግሮቹን ጀርባው ላይ ያሳርፋል፤ ፎቶው የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ጅቡ ይሸታል፤ ክብደቱም ከታሰበው በላይ ነው። እንግዳው እንዳይሮጥ፣ እጁን እንዳያወራጭ፣ መቼ መነሣት እንዳለበት የሚነግረው አስጎብኚው ነው። አባኑ በጦር መካከል የሰጠው ዋስትና ዛሬ የተረፈው በዚህች ቦታ ይመስላል።

ቱሪዝሙ ግን ረጅም ዕድሜ ሳያገኝ ቆመ። በ1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር ወረራ ከጀመረ በኋላ ውጊያው ሐረር ደጃፍ ደረሰ። ጦርነቱ በ1970 ዓ.ም ቢያበቃም በደርግ ዘመን የውጭ ጎብኚ እንደ ልብ የሚመጣበት ሁኔታ አልነበረም። ሙያው እንደገና የተነሣው ከ1983 ዓ.ም በኋላ ነው። ሐምሌ 1998 ዓ.ም ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች እንዳሏት ተገለጸ። እነዚህ ቁጥሮች ወዲያው የአስጎብኚው ንግግር መክፈቻ ሆኑ። አስጎብኚዎች ከዚህ በተጨማሪ መተላለፊያዎቹ 368 ናቸው ይላሉ፤ የቆጠረ እንግዳ የለም።

የዛሬው ጉብኝት ብዙ ጊዜ ከፈረስ መጋላ ይነሣል። ድሮ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ ፔጆ 404 ታክሲዎች የሚጠብቁበትም አደባባይ ይኸው ነው። ከዚያ ወደ መኪና ግርግር ይወረዳል፤ በሁለቱም ወገን የልብስ ሰፊዎች ሲንጀሮች የሚንጫጩበት ጠባብ መንገድ ነው። ወደ ግድር መጋላ ሲደረስ ሥጋ የያዘ ሰው ከላይ ጭልፊት እንዳይነጥቀው ይጠነቀቃል፤ ለእንግዳ ግን ይህም ትርዒት ሆኖለታል። ልጆች «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያሉ ይከተላሉ፤ አስጎብኚው ገሠጽ ሲያደርጋቸው ይበተናሉ፣ በሚቀጥለው ቅያስ ይሰበሰባሉ።

የጉብኝቱ ልብ ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት ነው። እዚህ አስጎብኚው እንደ ልቡ መግባት አይችልም፤ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ነውና ባለቤቷን ያስፈቅዳል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ትንሽ ገንዘብም ይከፈላል። ቀይ ወለል ላይ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ነደባ የሚባሉ መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የስፌት ሞሶቦች፣ በር አናት ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ምንጣፍ ለዳር የደረሰች ልጅ መኖሯን እንደሚያመለክት፣ ሙሽሮች የሚቆዩባት ጠባብ ክፍል፣ ሁሉም ይተረካል። አንዳንድ ቤተሰብ ቤቱን የእንግዳ ማረፊያ አድርጎ፣ እንግዳው ነደባው ላይ ቡና እየጠጣ እንዲያድር ማድረግ ከጀመረም ቆይቷል።

የአስጎብኚው ሙያ ታሪክን ብቻ አይነግርም፤ ይሠራልም። ለዚህ የራምቦ ቤት የሚባለው ምስክር ነው። ባለ መስታወት መስኮቱና በጣውላ ያጌጠው ቤት በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንደሆነ ይታመናል፤ ራምቦ ደግሞ ከሐረር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ቢሆንም ዋው በከንቱ የፈለገውን አሻራ ቤቱ ለእንግዳው ሰጠው። ተጠግኖ ሙዚየም ሆነ፤ በውስጡ ራምቦ ራሱ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ቅጂ ይታያል። ትክክለኛነቱን የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ጥሩ አስጎብኚ «ይባላል» የምትለዋን ቃል ይጨምራል። በአንጻሩ የአብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የግል ስብስብ የሚታይበት፣ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሙዚየም በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች፣ የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች የሞሉበት ስለሆነ ብዙ ተረት አያስፈልገውም።

ከግንቡ ውጭ አስጎብኚው እንግዳውን የሚወስድባቸው ቦታዎች በምሥራቅና በደቡብ ናቸው። ኮሮሚ፣ በተራራ ጫፍ ላይ ያለችው የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር፣ የእግር ጉዞ ለሚወዱ ናት። ባቢሌን አልፎ በጂጂጋ መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ የቆመበት የዳካታ ሸለቆ ይገኛል። በ1962 ዓ.ም የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ደግሞ የኤረርንና የጎበሌን ሸለቆዎች ተከትሎ ይዘረጋል። ዝሆኖቹ በቁጥቋጦና በቁልቋል ውስጥ ስለሚሰወሩ በመኪና መንገድ አይታዩም። ፈልጎ የሚያገኛቸው ኮቴያቸውን የሚያነብ የመጠለያው ጠባቂ ነው፤ የከተማው አስጎብኚም ከዚያ በኋላ እንደ እንግዳው ከኋላ ይከተላል።