ቁራው ተረፈ፣ ጩኸቱስ?

መቼስ ወልቂጤ ሥጋ ቤት ደጃፍም ሆነ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ፣ ቁራ ጮኸ ብሎ ቀና የሚል የለም። እኛ ግን ዛሬ ስለ ቁራ ጩኸት ልናወጋችሁ ነው፤ ያውም ስለጠፋ ጩኸት!

ታሪኩ የሃዋይ ነው። እዚያ «አላላ» የሚባል ቁራ አለ። ደኑ ተመነጠረ፣ በትንኝ የሚተላለፍ የወፍ ወባ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጨረሻዎቹ ሁለት የዱር አላላዎች ጠፉ። ደግነቱ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥቂቶቹ ተይዘው በሽቦ ቤት ይራቡ ነበር። ዘሩ ተረፈ፤ ቁጥሩም ከመቶ አለፈ።

ታዲያ ተመራማሪዎች ድሮ ከዱር የተቀዳውን ድምፅ ከሽቦ ቤቶቹ ድምፅ ጋር አስተያዩት። ውጤቱ በ2017 ወጣ። የጩኸቱ ዓይነት በቁጥር ብዙም አልጎደለም፤ ግን «ይህ ሰፈር የእኔ ነው» የሚለው ከሩቅ የሚሰማ ጩኸት የለም። «ጠላት መጣ» የሚለውም ቀንሷል። እንግዲህ ሽቦ ውስጥ ድንበር የሚገፋ ጎረቤት የለ፣ ከሰማይ የሚወርድ ጭልፊት የለ፤ ለማን ይጩህ?

ከ2016 እስከ 2019 ሠላሳ ያህሉ ጭልፊትን እንዲፈሩ ሠልጥነው ተለቀቁ። ብዙዎቹ ሞቱ፤ የሃዋይ ጭልፊትም የበላቸው አሉ። በ2020 የተረፉት ወደ ሽቦ ቤት ተመለሱ። በ2024 ደግሞ አምስት ወፎች፣ ያ ጭልፊት በሌለበት በማዊ ደሴት ዕድላቸውን ሞከሩ። ሁሉም የሆነው በጩኸቱ መጥፋት ነው አንልም፤ ግን ዘር ማትረፍና ኑሮ ማትረፍ ለየቅል መሆናቸውን አየን።

አውስትራሊያ ውስጥ ሬጀንት ሃኒኢተር የምትባል ለመጥፋት የተቃረበች ወፍ አለች። የሲድኒው ታሮንጋ መካነ አራዊት ጫጩቶቿን የዱሩን ዜማ ለማስተማር መጀመሪያ የተቀዳ ድምፅ አሰማ፤ በኋላ ግን ዱር የተወለዱ ወንዶችን መምህር አደረገላቸው። አፍ የሚፈታው በታላቅ ነዋ!

ሰውና ወፍ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ግን አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ አያቱ በጉራጊኛ ሲመርቁት «አሜን» ከማለት ያላለፈ ስንት ልጅ እናውቃለን?

ወደ ወፋችን እንመለስ። ነገሌ ቦረና አጠገብ፣ ሊበን ሜዳ ላይ፣ በዓለም እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ የሆነችው የሊበን ላርክ አለች። ወንዱ ከሣሩ ተነሥቶ አየር ላይ እየበረረ ያዜማል። ሜዳው ግን እየታረሰና በቁጥቋጦ እየተዋጠ ነው። እስቲ ሽቦ ቤት ሳናስብ፣ ሜዳውን እናትርፍላት፤ ዜማውን ለጫጩቶቹ የሚያወርስ ታላቅ እዚያው እያለ።