ላይፈር፦ በኩር ዕይታ

ወፍ ተመልካቾች በተሰበሰቡበት ሁሉ «ላይፈር አገኘሁ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ላይፈር አንድ ሰው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት የወፍ ዝርያ ናት። ወፏ የግድ ብርቅ መሆን የለባትም፤ ወሳኙ ያ ሰው ከዚያ በፊት አይቷት አለማወቁ ነው። ማለዳ በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበትን ጋጋኖ የከተማው ሰው ቀና ብሎም አያየው። ዝርያው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ ስለማይኖር ግን፣ ቦሌ ላረፈ እንግዳ ተመልካች ሻንጣው ሳይከፈት የሚቆጠርለት ላይፈር ነው።

የእንግሊዝኛውን ቃል «የዕድሜ ልክ ወፍ» ብሎ መመለስ ይቻል ነበር፤ ችግሩ «ዕድሜ ልክ» ሲባል ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። «አዲስ ወፍ» ቢባል ደግሞ ለሳይንስ አዲስ የሆነ ዝርያ የተገኘ ይመስላል። «በኩር ዕይታ» ይሻላል። በኩር የመጀመሪያ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ገብሱም ስንዴውም ሲደርስ የየራሱ በኩራት አለው። ስለዚህ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል በኩር ቢኖረው ቃሉን አይጎረብጠውም። በኩሮቹ የሚጻፉበትም «የበኩራት መዝገብ» ይባል። ድሮ መዝገቡ ደብተር ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2002 ባስጀመረው የኢንተርኔት መዝገብ፣ በኢበርድ ላይ ያሰፍራሉ።

ለመቆጠር ወፏ በሕይወት ያለች፣ የዱርና ያልተያዘች መሆን አለባት። በማኅበራት ደንብ ድምጿን ሰምቶ መለየትም ሊቆጠር ይችላል፤ «ዕይታ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ እንደሚያነክስ አልክድም። የሞተች ወፍ ግን አትቆጠርም። ይህ ደንብ ብዙ ተመልካች ያንገበገበው በነጭ ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ ሞታ የተገኘች የናይትጃር ወገን ወፍ ክንፍ ወሰደ። (ናይትጃር ሌሊት ነፍሳት የምታድን ወፍ ናት፤ ከሌሊት ወፍ ጋር አትምታታ፣ የሌሊት ወፍ ጭራሽ ወፍ አይደለችም።) በ1995 በዚያው አንድ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ ሳይንሳዊ ስሟም «ሶላላ»፣ አንድ ክንፍ ብቻ እንደማለት፣ ሆነ። ሳይንስ በክንፍ ይረካል፤ የበኩራት መዝገብ ግን ከነነፍሷ ይፈልጋታል። እሷን ፍለጋ ብለው እስከ አርባ ምንጭ የሚመጡ አሉ።

በዓለም ላይ ወደ 11,000 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ምን ያህሉን በአንድ ዕድሜ ማየት ይቻላል? የሚዙሪዋ ፊቢ ስኔትሲንገር የአራት ልጆች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎረቤቷ ባይኖኩላር አውሳት ጉሮሮዋ እንደ እሳት የሚነድ ትንሽ ወፍ አሳየቻት፤ ያን ቀን ለከፋት። በ1981 ሐኪሞች የቆዳ ካንሰር እንዳለባትና ዓመት እንደማትሞላ ነገሯት። እሷ ግን ቤት አልተቀመጠችም፤ ወፍ ፍለጋ አላስካ ሄደች። ከዚያ በኋላ 18 ዓመት ኖረች፤ በ1995ም 8,000 ዝርያ በማየት ከሰው ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። በ1999 ማዳጋስካር ውስጥ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞተች። ከመጨረሻዎቹ በኩሮቿ አንዷ በሳይንስ ከታወቀች ገና ሁለት ዓመት የሆናት፣ ቫንጋ የምትባል ወፍ ነበረች። ከእሷ ወዲህ ቁጥሩ ገፍቷል፤ ጡረታ የወጣው አሜሪካዊ ዲፕሎማት ፒተር ኬስትነር በ2024 ፊሊፒንስ ውስጥ 10,000 አደረሰ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ከ8,000 በኋላም የቀጣይዋ ወፍ ደስታ አለመሰልቸቱ ነው።

አንድ ዓይነት በኩር ግን ከቤት ሳይወጡም ይገኛል፤ «የወንበር በኩር» እንበለው። ሊቃውንት አንድ ይባል የነበረውን ዝርያ ሲከፍሉት የተመልካቹ መዝገብ ተኝቶ ያድራል፣ አድጎ ይነሣል። በ2024 ኢበርድ የሚከተለው የዝርያዎች ዝርዝር ባርን አውል የተባለችውን ነጭ ፊት ጉጉት የምዕራብ፣ የምሥራቅና የአሜሪካ ብሎ ለሦስት ከፈላት። በየአህጉሩ ያያት ሰው ሁለት በኩር በነጻ አገኘ። በዚያው ዓመት ሬድፖል የሚባሉት ሦስት ትንንሽ የሰሜን ወፎች ወደ አንድ ስለተጠቃለሉ፣ ሦስቱንም ለማየት በበረዶ የተንከራተተ ሁለት ተቀነሰበት። የወንበር በኩር ይቆጠር አይቆጠር በሚለው ተመልካቾች ይከራከራሉ፤ እኔ ከሚቆጥሩት ወገን ነኝ፣ ሰውየው ወፏን የትና መቼ እንዳያት ጽፎ ከያዘ። ጠንቃቃ ተመልካቾች የለመዷትን ወፍ እንኳ በየሄዱበት አገር እንደገና የሚመዘግቡት ለዚህ ነው።