ጣት ወዴት ይሂድ? ጊታርን በኮምፒውተር ስለ መማር ታሪካዊ ምልከታ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በኮምፒውተር ሶፍትዌር አማካይነት ዘፈንን በጊታር ስለ መማር የታሪክ ሰው ምን ሊናገር ይችላል የሚል አይጠፋም። ሆኖም ላፕቶፑን ከፍቶ ጊታሩን ታቅፎ የሚለማመድ ወጣት በፊቱ የሚያየው ስክሪን የአምስት መቶ ዓመት ጥያቄ ያረፈበት ነው። ዜማን ለማናውቀው ሰው ስናስተላልፍ የምንጽፍለት ምኑን ነው? ድምፁን ነው? የእጁን አካሄድ ነው? ወይስ ቀድሞ የሰማውን የሚያስታውስበትን ምልክት? መልሱ በተለወጠ ቁጥር የሚተርፈውና የሚጠፋው ነገርም ይለወጣል። እኛም ዛሬ ትዝታንና አንቺ ሆዬን ወደ ኮምፒውተር ፋይል ማስገባት በጀመርንበት ወቅት ይህን መመርመር ይገባናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ከኅትመት ልጀምር። ኦታቪያኖ ፔትሩቺ የተባለው አሳታሚ በ1501 በቬኒስ የብዙ ድምፅ ዜማዎችን በኖታ አሳተመ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1507 የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖን የሉት መጽሐፍ አወጣ። ሉት ከዐረቦች ዑድ የተገኘ የአውታር መሣሪያ ነው። ይህ ሁለተኛው መጽሐፍ የተጻፈው በኖታ ሳይሆን ዛሬ ጊታር ተጫዋቾች በአጭሩ ታብ በሚሉት በታብላቸር ነበር። ስድስት መስመሮች ይሰመራሉ፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ አውታር ምሳሌ ነው፤ በመስመሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ጣት በአንገቱ ላይ ስንተኛው ቦታ ላይ መጫን እንዳለበት ይናገራል። ባለ አምስት መስመሩ ኖታ «ይህ ድምፅ ይሰማ» ይላል፤ ታብላቸር ግን «ጣትህን እዚህ አኑር» ይላል። የሚሰማው ድምፅ ከጣቱ ቦታ ይከተላል።

በ1536 በስፔኗ ቫሌንሲያ ሉዊስ ሚላን «ኤል ማኤስትሮ» ማለትም «መምህሩ» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የጊታር ዘመድ ለሆነው ለቪሁኤላ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው መምህር ያላገኘውን ሰው ለማስተማር የታሰበ ነው። ሚላን አንድ ችግር ገጥሞታል። ቁጥሮቹ ጣት የት እንደሚያርፍ ይናገራሉ እንጂ ዜማው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ አይናገሩም። ስለዚህ የቱ ቸኮል፣ የቱ ረጋ ብሎ መጫወት እንዳለበት በቃላት ጻፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1546 አሎንሶ ሙዳራ በሴቪያ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አራት ጥንድ ክር ላለው ጊታር የተዘጋጁ ዜማዎች ይገኛሉ፤ ታትመው ከምናውቃቸው የጊታር ዜማዎች ቀደምቶቹ እነዚህ ናቸው።

እነዚህን ሁለት ዓመታት ልብ በሉልኝ። በአገራችን አፄ ገላውዴዎስ የነገሡት ከ1540 እስከ 1559 ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እንደሚተርኩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ ምልክቶች ያደራጁት በዚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። እንግዲህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እርስ በርስ በማይተዋወቁ ሁለት ዓለማት ዜማን የመጻፍ ጥያቄ ሁለት መልስ አግኝቷል ማለት ነው። ሚላን መምህር ለሌለው ሰው ጻፈ። የእኛ ሊቃውንት ግን መምህር ላለው ሰው ጻፉ። ከቃሉ በላይ በቀጭኑ የሚጻፉት የድጓ ምልክቶች አብዛኞቹ ከታወቁ ቃላት የተቀነሱ ፊደላት ናቸው። ደቀ መዝሙሩ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ በቃሉ የያዘውን የዜማ ስልት ያስታውሱታል፤ ላልሰማው ሰው ግን ብዙም አይነግሩትም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ የውጭ ጸሐፍት አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ምልክቱ የተሠራው ጉባኤ ቤቱ እንዳለ ይኖራል በሚል እምነት ላይ ነው፤ በዚያ ሚዛን ሲታይ ጎደሎ አይደለም።

አሁን ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ልዝለቅ። ሸክላ ከመጣ በኋላ ጊታር ተማሪ ያልተጻፈ መምህር አገኘ፤ እርሱም ቅጂው ራሱ ነው። ችግሩ ፍጥነቱ ነበር። ፈጣን ሶሎ ለመስማት ተማሪው ሸክላውን ያዘገያል፤ በግማሽ ፍጥነት ሲዞር ግን ድምፁ ልክ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። በ45 ዙር የተቀረጸውን በ33 ከሲሶ ዙር ቢያጫውተው ደግሞ ከአምስት ግማሽ ድምፅ ጥቂት በላይ ስለሚወርድ፣ ከጊታሩ ቅኝት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስና ተከታዮቹ በአዲስ አበባ ያወጧቸው ትንንሽ ሸክላዎች ባለ 45 ዙር ስለነበሩ ችግሩ የእኛም ነበር።

ፍጥነትንና የድምፅ ከፍታን መለያየት የተቻለው በሒሳብ ነው። በ1966 የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ፍላናጋንና ጎልደን ፌዝ ቮኮደር የተባለውን ዘዴ አቀረቡ። ድምፁ ወደ ብዙ ጠባብ የድግግሞሽ ክፍሎች ይበተናል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ለውጥ በጊዜ ላይ ይለጠጣል፤ ከዚያም እንደገና ይገጣጠማል። ውጤቱም ከፍታው ሳይወርድ የዘገየ ዜማ ነው። ይህ ስሌት ለዘመኑ ኮምፒውተር ከባድ ነበር፤ በግል ኮምፒውተር በቀላሉ መሥራት የቻለው በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ አንድ ቁልፍ ተጭነን የምናዘገየው ዘፈን የዚያ ሥራ ልጅ ነው። በእኔ ግምት ለጊታር ተማሪ ከተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ ይህ የላቀው ነው፤ ምክንያቱም በተማሪው ጆሮ ምትክ አይሰማም፤ ጆሮው የሚሰማበትን ጊዜ ብቻ ያሰፋለታል።

ሁለተኛው መንገድ ሚዲ ነው። በጥር 1983 በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የተለያዩ ኩባንያዎች የሠሯቸው ሁለት ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያይዘው ተጫወቱ። ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ ይናገራል እንጂ። ቁልፎቹ ከ0 እስከ 127 ተቆጥረዋል። ሐሳቡ ከፒያኖ የተወለደ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ አንድ ቦታ ብቻ አለው። ጊታር እንዲህ አይደለም። ክፍቱ አንደኛ ክር የሚሰጠውን ድምፅ በሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው ዘጠነኛ፣ በአራተኛው ዐሥራ አራተኛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የአንዱ ወዝ ግን ከሌላው ይለያል። ሚዲ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ጣት የት ያርፋል የሚለው የሚላን ጥያቄ በዚህ ላይ ጠፍቶ ነበር።

ጥያቄውን መልሰው ያመጡት ተራ ተማሪዎች ናቸው። በ1992 በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የተጀመረውና በምሕጻረ ቃል ኦልጋ ተብሎ የሚታወቀው የኢንተርኔት የጊታር ማኅደር ሰዎች በጆሯቸው ሰምተው የጻፏቸውን ታቦች ሰበሰበ። በታይፕ መምቻ ሰረዞችና ቁጥሮች ብቻ የተሠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹ የድምፆቹን ርዝመት አያሳዩም። ዘፈኑን ያልሰማ ሰው ከነርሱ ምንም ሊጫወት አይችልም። አሁን ወደ ድጓው ምልክት ተመለሱና አነጻጽሩ። ከሚላን ዘር የተወለደው ታብ በ1990ዎቹ ቀድሞ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ሆኖ ወደ ሊቃውንቶቻችን መልስ ተጠግቶ እናገኘዋለን። የኔታ በሌለበት የየኔታን ቦታ የያዘው ካሴቱና ሲዲው ነበር።

የኦልጋ ፍጻሜ የሕግ ነው። የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበራት ባቀረቡት የቅጂ መብት ክስ ማስጠንቀቂያ ምክንያት በ2006 ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ጫና ደርሶበት ነበር። አንድ ሰው ከዘፈን ሰምቶ የጻፈው የማን ነው? የአሳታሚዎቹ አቋም ዜማው የደራሲው እስከሆነ ድረስ ጽሑፉም ፈቃድ ይሻል የሚል ነው፤ የተማሪዎቹ ደግሞ ይህ የእኔ ጆሮ የሰማው፣ ለትምህርት የጻፍኩት ነው የሚል። እኔ ለሁለተኞቹ አደላለሁ፤ ሆኖም የደራሲ መብት በአገራችን ስንት ጊዜ እንደተረገጠ የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹንም በቀላሉ ሊያጣጥል አይገባውም።

በ1997 በፈረንሳይ የወጣው ጊታር ፕሮ ሁለቱን መንገዶች አገናኘ። ከላይ ኖታ፣ ከታች ታብ፣ ከሥሩም የሚያጫውት ድምፅ ተቀመጡ፤ ጠቋሚው ከሙዚቃው ጋር እኩል ይራመዳል። ተማሪው አራት ምት ይመርጣል፣ በግማሽ ፍጥነት ይደጋግማል፣ ቀስ በቀስም ያፈጥናል። እያንዳንዱ ድምፅ ርዝመት ካልተሰጠው ሶፍትዌሩ አይቀበልም። ፋይሉ በዚህ የተነሣ ራሱን የቻለ ሆነ፤ ዘፈኑን ሰምቶ የማያውቅ ሰውም ሊማረው ይችላል። «ኤል ማኤስትሮ» ከ461 ዓመት በኋላ እንደገና ታተመ ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ትርፉ ብዙ ነው፤ መምህር በሌለበት ከተማ ያደገ ልጅ ይህን አይንቅም። ዋጋው ግን ተማሪው የሚማረው የጊታሪስቱን አጨዋወት መሆኑ ቀርቶ የጻፈውን ሰው ጆሮ መሆኑ ነው። የጻፈው ሰው ጣቱን በተሳሳተ ክር ላይ ቢያኖር በሺህ የሚቆጠሩ ጣቶች ይከተሉታል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? በሶፍትዌሩ አዲስ ፋይል ስትከፍቱ የሚቀበላችሁ አራት በአራት ምትና 120 ፍጥነት ነው። ችክችካ ለመጻፍ ወደ ስድስት በስምንት ትቀይሩታላችሁ፤ ይህ ቀላል ነው። ማሲንቆ ተጫዋች በነፃ ጊዜ የሚያስረዝመውን የትዝታ መግቢያ ግን በየትኛው ምት ትከፍሉታላችሁ? የግድ መስመር ታሰምራላችሁ፤ መስመሩን ያሰመራችሁት እናንተ መሆናችሁን ከፋይሉ የሚረዳ የለም። አንቺ ሆዬን ከዶ ብትጀምሩ አምስቱን ድምፆች በፍሬት ላይ በዜሮ፣ በአንድ፣ በአምስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ታገኟቸዋላችሁ። ጊታር በዚህ ተስማምቶ ኖሯል፤ የባንዶቻችን ጊታሪስቶችም ድንቅ ነገር ሠርተውበታል። ፍሬት የሌለው ማሲንቆና የዘፋኙ ጉሮሮ ግን በእነዚህ ነጥቦች መካከል የሚሠሩት ሥራ አላቸው። ሶፍትዌሩ ክርን በመሳብ ሩብ ድምፅ ድረስ የሚጽፍበት ምልክት አለው፤ የሚጎድለው ለመጻፍ የሚታገሥ ጆሮ ነው።

ከዚህ የባሰው የካሴት ነገር ነው። ቴፑ 3 በመቶ ቢፈጥን ቅጂው የግማሽ ድምፅን እኩሌታ ያህል ከፍ ይላል። ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠ ዘፈን ከጊታራችሁ ጋር አልስማማ ሲል በሶፍትዌሩ ታስተካክሉታላችሁ፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ፈቀቅ ያለው ባንዱ በዚያ ቅኝት ስለተጫወተ ነው ወይስ የገልባጩ ሞተር ስለፈጠነ? ያስተካከላችሁትን መጠን ሳትመዘግቡ ፋይሉን ብታስቀምጡ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ይህን ጥያቄ ማንሣት እንኳ አይችልም።

በኅዳር 2019 የፈረንሳዩ ዲዘር ስፕሊተር የተባለውን ድምፅ መለያ ፕሮግራም በነፃ ለቀቀ። ከተቀላቀለ ዘፈን ውስጥ የዘፋኙን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ ቤዙን፣ ፒያኖውን ይለያል፤ የቀረውን ሁሉ «ሌላ» በሚል ፋይል ያስቀምጣል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ሳክስፎን፣ ጊታሩም ራሱ «ሌላ» ውስጥ ናቸው። መሐንዲሶቹን አልከስስም፤ በእጃቸው ባገኙት ሙዚቃ አሠለጠኑት። ግን ለአንድ አፍታ በአገራችን የባንድ ሙዚቃ ላይ ስትሞክሩት ምን ያህሉ ዜማ ወደዚያ ፋይል እንደሚገባ ታያላችሁ።

ስለዚህ በእኛ ክፍል ለመመረቂያ ሥራቸው ዘፈኖችን ወደ ታብ የሚጽፉ ተማሪዎችን የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፋይሉ ውስጥ ለማስታወሻ በተተወው ቦታ ላይ የሰሙት ቅጂ ሸክላ ይሁን ካሴት፣ ከማን እጅ እንደተገኘ ይጻፉ። የድምፁን ከፍታ ምን ያህል እንዳስተካከሉ በቁጥር ያኑሩ። ነፃ ጊዜ የነበረውን ክፍል ሲከፋፍሉ የምት መስመሩ የእነርሱ መሆኑን ያመልክቱ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዳንዶቻችሁ አሰልቺ ነው ብላችሁኛል፤ እውነት ነው።

አሁን የትዝታን መግቢያ በሦስት ፍጥነት አሰማችኋለሁ፤ ከዚያም ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። መብራቱን ለጊዜው ዝቅ አድርጉልን።