ያልተነካ ካሜራ ለምን ይወደዳል?

«ቤታችን ያለው አሮጌ ካሜራ ስንት ያወጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዕድሜ ብቻውን ግን ዋጋ አይሆንም። እስቲ ባለ ሁለት ሌንሱን ካሜራ እንይ።

ሁለት ሌንሶች ከላይና ከታች የተገጠሙበት፣ ፎቶ አንሺው ደረቱ ሥር ይዞ አቀርቅሮ የሚያይበት ሳጥን ነው። የላይኛው ሌንስ ምስሉን በመስታወት ለዓይን ያሳያል፤ የታችኛው ፊልሙ ላይ ያሳርፋል። የዚህን ካሜራ ስም ያገነነው፣ ፍራንከ እና ሃይደከ የተባሉ ሰዎች በ1920 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ሮሌይፍሌክስን በ1929 ለገበያ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተከተሏቸው፤ ጃፓኖች ያሺካን፣ ሶቪየቶች ሉቢቴልን ሠሩ።

ዛሬ የሰብሳቢዎች ገበያ እነዚህን በእኩል ዓይን አያይም። ሉቢቴል 2 በሚሊዮን ስለተመረተ ርካሽ ነው። ከ1961 እስከ 1967 የተሠራው ሰፊ እይታ ያለው ሮሌይፍሌክስ ግን ወደ 4000 ገደማ ብቻ ስለሆነ እጅግ ውድ ነው። ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፦ ሌንሱ ሻጋታ ይዞታል? ተጭሯል? ቆዳው ተልጧል? ማኅደሩና ካርቶኑስ አለ? ከፍተኛውን ዋጋ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከካርቶኑ ወጥቶ የማያውቀው ነው።

ልብ በሉ! ገበያው የሚሸልመው ሥራ ያልሠራውን ካሜራ ነው።

ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ቪቪያን ማየር በአሜሪካ በሞግዚትነት የኖረች ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ሮሌይፍሌክሷን የያዘችው በ1952 ገደማ ነው። በኒውዮርክና በቺካጎ መንገዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት ፎቶ አነሳች፤ ለማንም አላሳየችም ማለት ይቻላል። በ2007 የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይ ሳትከፍል በመቅረቷ ንብረቷ በጨረታ ተሸጠ። ጆን ማሉፍ የተባለ ወጣት በኔጋቲቭ የታጨቀ ሣጥን በ380 ዶላር ገደማ ገዛ። ቆይቶ ሲሰበሰብ ከ100,000 በላይ ኔጋቲቭ ተገኘ፤ ገና ያልታጠበ ብዙ ፊልምም ነበር። እሷ ዝናዋን ሳታይ በ2009 አረፈች።

ሰብሳቢዎችን መውቀሴ አይደለም። እነሱ ባይኖሩ ብዙ ካሜራ ቆሻሻ ውስጥ ይወድቅ ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአባት ካሜራ ሲገኝ ዋጋው ይጠየቃል፤ አጠገቡ ያለው የኔጋቲቭ ፖስታ ግን ይጣላል። ካሜራው ሌላ አምሳያ አለው፤ ፋብሪካው ብዙ ሠርቷል። ኔጋቲቩ ግን አንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ካሜራ ካገኛችሁ ለመሸጥ አትቸኩሉ። ውስጡ ፊልም ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ክዳኑን በብርሃን አትክፈቱት፤ መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ኔጋቲቩን ከእርጥበትና ከሙቀት አርቃችሁ፣ ማን እንደተነሳና የት እንደሆነ የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጻፉበት። ዋጋውን ከዚያ በኋላ ትጠይቃላችሁ።