እማማ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ

አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ቡና ላይ ይባላል፣ ታክሲ ውስጥ ይባላል። «እማማ እኮ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እንደ ድሯቸው አይደሉም።» ሁሉም ከንፈሩን ይመጥና ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

እኛ ቤት ይህ ዓረፍተ ነገር የገባው በአያቴ በኩል ነው። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ፤ ብረት ገባላት፤ ተሳካ ተባልን። በሦስተኛው ሌሊት ግን ከሞተ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ወንድሟን «በር ላይ አቁማችሁት ለምን አታስገቡትም?» ብላ ተቆጣች፤ ግሉኮሱን ከእጇ ነቀለች። ሐኪሙን ብንጠይቀው «እርጅና ነው» ብሎን አለፈ። ከሳምንት በኋላ ቅዠቱ ጠፋ። ይሁንና የእድሩን አባላት ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ ብላ ያለ መዝገብ በቃሏ ትይዝ የነበረችው ሴትዮ፣ የራሷን የወር አስቤዛ ሒሳብ መያዝ አቃታት። አክስቴ ፍርዷን ሰጠች፦ «ማደንዘዣው ጭንቅላቷ ውስጥ ቀርቶባት ነው።»

አክስቴ ልክ ናት? ይህችን ጥያቄ ይዤ ንባብ ውስጥ ስገባ ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። የአክስቴን ክስ ትልልቅ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ፍርዱም ብዙ ጊዜ ተገለባብጧል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከቦስተን ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል አንድ ወጣት ሕመምተኛን ኤተር አሽትቶ አስተኛው፤ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ኮሊንስ ዋረን ከአንገቱ ላይ እብጠት አወጣለት። ልጁ አልጮኸም። እስከዚያች ቀን ድረስ የቀዶ ሐኪም ጥሩነት በእጁ ፍጥነት ይለካ ነበር፤ ሰው ታስሮና ተይዞ እየጮኸ ነበር የሚቀደደው። በዓመቱ፣ በ1847፣ ጄምስ ሲምፕሰን ኤዲንብራ ላይ ክሎሮፎርምን ጨመረ፤ በ1853 ደግሞ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ በክሎሮፎርም ወለደች። ንግሥቲቱ ካደረገችው ማን ይቀራል?

ልብ በሉልኝ፤ ማደንዘዣ የቀየረው ሕመሙን ብቻ አይደለም። ማን ኦፕራሲዮን እንደሚደረግም ቀየረ። ቀዶ ሐኪሙ ጊዜ አገኘ፤ ሆድ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሆነ። ውሎ አድሮም በዱሮው ቢላዋ ሥር ይሞታሉ ተብለው የማይነኩ አዛውንቶች ጠረጴዛው ላይ መውጣት ጀመሩ። ጥያቄያችንም አብሯቸው ወጣ።

መጀመሪያ በጽሑፍ ከጠየቁት አንዱ ጆርጅ ሳቬጅ ናቸው፤ የለንደኑ የቤተልሔም የአእምሮ ሆስፒታል ሐኪም። በ1887 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው በኋላ አእምሯቸው የታወከ ሰዎችን ታሪክ አወጡ። አስተዋይ ሰው ነበሩ። ሰውን ለጊዜው የሚያቃዥ ማንኛውም ነገር፣ አንዳንዱን ሰው ሥር ለሰደደ የአእምሮ ችግር ሊያጋልጠው ይችላል ነው ያሉት። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ የኤተር ብቻ አይሆንም ማለት ነው።

ሳቬጅ እንዲህ ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ኤተር ከመገኘቱ በፊት በ1835 የሞቱት ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዱፑይትረን፣ ከጉዳትና ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣን ቅዠት ጽፈውበታል። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን! አክስቴ ይህን ብትሰማ ደስ አይላትም።

ከዚያ ለብዙ ዓመታት ጉዳዩ የተረሳ ይመስላል። ያነሱት ቤድፎርድ የሚባሉ የኦክስፎርድ የአረጋውያን ሐኪም ናቸው፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው ክፍልም የሳቸው ነው። ምክንያቱም ቤድፎርድ ምንም የረቀቀ መሣሪያ አልነበራቸውም። የነበራቸው ጆሮ ነው። የአዛውንቶቹ ልጆችና ሚስቶች ክፍላቸው እየመጡ ያንኑ እኔና እናንተ የምናውቀውን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይነግሯቸው ነበር። ሌላው ሐኪም «እርጅና ነው» ብሎ የሚሸኘውን እሳቸው መዝገብ ላይ ጻፉት። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ሆኖ በሙሉ ማደንዘዣ ኦፕራሲዮን የተደረጉ 1,193 ሰዎችን አገላበጡ፤ ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ለውጥ እንደታየ ቤተሰብ ወይም ራሱ በሽተኛው ተናግሯል። ከነዚህ 18ቱ ጭራሽ ጃጅተዋል። በ1955 ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡት፤ ማደንዘዣውንና በኦፕራሲዮን ጊዜ የደም ግፊት መውረድን ጠረጠሩ፤ አዛውንትን የግድ ካልሆነ አትቅደዱ ብለውም መከሩ።

ድንጋጤውን አስቡት። ግን የቤድፎርድ ሥራ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። የሚያወዳድሩበት ሰው አልነበራቸውም። ዕድሜው 75 የሆነ ሰው ኦፕራሲዮን ባይደረግስ በዚያ ዓመት ትንሽ አይዘነጋም ነበር? ቤተሰብ ደግሞ ቀን ይፈልጋል። መርሳት እንደ ውሃ ቀስ እያለ ሲሰርግ ማንም ቀን አይቆርጥለትም፤ ኦፕራሲዮን ግን ቀን አለው። በ1961 እዚያው ኦክስፎርድ ሌሎች ሐኪሞች አዛውንቶችን ከኦፕራሲዮን በፊትም በኋላም መርምረው፣ ማደንዘዣው ለመጃጀት ምክንያት መሆኑን የሚያሳይ ነገር አላገኘንም አሉ። ክሱ ተዘጋ። ቤተሰቦች ግን ማውራታቸውን አላቆሙም።

ፋይሉ በደንብ የተከፈተው በ1990ዎቹ ነው፤ የስምንት አገሮች ሐኪሞች በ13 ሆስፒታሎች ተባብረው። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,218 ሰዎችን ያዙ፤ የልብ ሳይሆን ሌላ ከባድ ኦፕራሲዮን የሚጠብቁትን። ከመቀደዳቸው በፊት ፈተና ሰጧቸው። ፈተናው እንዲህ ነው፦ 15 ቃል ይታይህና በቃልህ ድገም ትባላለህ። «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ ቀለሙን ተናገር ትባላለህ (ቤታችሁ ሞክሩት፤ ምላሳችሁ ይተሳሰራል)። ከሳምንት በኋላና ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ከሁሉም በላይ ግን ያልተቀደዱ ሰዎችን ያንኑ ፈተና አስፈተኑ። የቤድፎርድ ቀዳዳ ተደፈነ ማለት ነው።

ውጤቱ በ1998 ወጣ። በሳምንቱ ከተቀደዱት 25.8 በመቶው ወድቀዋል፤ ካልተቀደዱት 3.4 በመቶው ብቻ። በሦስት ወሩ 9.9 በመቶ በ2.8 በመቶ። ቤተሰቦቹ ውሸታቸውን አልነበረም! ሊቃውንቱን ያስደነገጠው ግን ሌላው ግማሽ ነው። ጥናቱ የተጀመረው «አንጎል ኦክስጅን አጥቶ ነው፤ ወይም ግፊት ወርዶ ነው» በሚል ጥርጣሬ ነበር። ኦክስጅናቸውን ሌት ተቀን ለኩ፤ ግፊታቸውን ለኩ። ሁለቱም ከጥፋቱ ጋር አልተገናኙም። የተገናኘው ዕድሜ ነው፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የማደንዘዣው ርዝማኔ፣ ድጋሚ ኦፕራሲዮን፣ ኢንፌክሽን፣ የትምህርት ማነስም ጭምር። አንጎሉን ብዙ ያሠራ ሰው የሚበላው ቅሪት አለው ይላሉ።

ታዲያ ማደንዘዣው ጥፋተኛ ከሆነ መፍትሔው ቀላል አይደል? ሙሉ ማደንዘዣውን ትቶ ወገብ ላይ በመርፌ ማደንዘዝ። ይህንንም ሞከሩት። በ2003 የወጣው ጥናት አዛውንቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ በሦስት ወሩ ሙሉ በሙሉ ከተኙት 14.3 በመቶ፣ ወገባቸው ላይ ከተወጉት 13.9 በመቶ ችግር ታየባቸው። እኩል ነው። በ2021 ደግሞ እንደ አያቴ ዳሌያቸው የተሰበረ 1,600 ሰዎች ላይ ተደረገ፤ ቅዠት በወገብ መርፌው 20.5 በመቶ፣ በሙሉ ማደንዘዣው 19.7 በመቶ። አሁንም እኩል።

የልብ ኦፕራሲዮን ታሪክ ራሱን የቻለ ድራማ ነው፤ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ2001 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የልብ ደም ሥር ቅየራ ካደረጉት 42 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ አእምሯቸው ቀንሷል አሉ። ዓለም ጣቱን ልብና ሳምባን ተክቶ በሚሠራው ማሽን ላይ ቀሰረ። ኋላ ጆንስ ሆፕኪንስ ላይ የልብ ሕመም እያለባቸው ያልተቀደዱትንም ስድስት ዓመት ተከታተሏቸው። እነሱም ቀንሰዋል። የታመመው የደም ሥር ልብ ላይ ብቻ ሳይሆን አንጎል ውስጥም ነበር።

እንግዲህ ማነው ጥፋተኛው? ዛሬ ብዙዎች የሚያዩት ወደ ቁስሉ ነው። ሥጋ ሲቀደድ ሰውነት ጠላት መጣ ብሎ የመቆጣት ኬሚካሎችን በደም ይረጫል፤ በአይጦች ላይ እንደታየው መልእክቱ አንጎል ይደርስና እዚያም ቁጣ ይነሣል። ወጣት አንጎል ይቋቋመዋል። አስቀድሞ በድብቅ መርሳት የጀመረው ያረጀ አንጎል ግን ይንገዳገዳል። ማደንዘዣው ከደሙ የሚወጣው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ነው፤ «ጭንቅላቷ ውስጥ ቀርቶ» የሚለው አይሆንም። (ይህን ለአክስቴ ነግሬያታለሁ፤ አላመነችኝም።) በ2018 ስሙም ተቀየረ፤ በመጀመሪያው ወር የሚታየው «የዘገየ የአእምሮ ማገገም» ይባል ተባለ፤ ብዙዎቹ ስለሚያገግሙ። የ1998ቱ ጥናት ሰዎች ራሳቸው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት በኋላ ሲፈተኑ ካልተቀደዱት ጋር ልዩነታቸው ጠፍቶ ነበር። አንዳንዱ ግን ይቀርበታል፤ በተለይ በቅዠት ያለፈው። እንደ አያቴ።

ደግሞ ይህን አንብባችሁ «በቃ እማማ አትቀደድም» እንዳትሉ። ዳሌው ተሰብሮ ያልተጠገነ አዛውንት አልጋ ላይ ይቀራል፤ አልጋው ደግሞ በሳምባ ምች፣ በቁስልና በረጋ ደም ይገድላል።

የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ ስታዩ ትስቃላችሁ። ሻሮን ኢኑዬ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በ1999 ለኦፕራሲዮን ሳይሆን በሌላ ሕመም የተኙ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 852 ሰዎች ላይ ሞክራ፣ ቅዠትን ከ15 ወደ 9.9 በመቶ አወረደችው። በምን? ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ ማጫወት፣ ቶሎ ከአልጋ አንሥቶ ማራመድ፣ ውሃ ማጠጣት፣ በእንቅልፍ ኪኒን ፋንታ ትኩስ ወተትና ጀርባ ማሸት፣ መነጽራቸውንና የጆሮ ማዳመጫቸውን መስጠት። በ2001 ደግሞ ዳሌያቸው ለተሰበረ 126 አዛውንቶች የአረጋውያን ሐኪም በየቀኑ እንዲከታተላቸው ሲደረግ ቅዠቱ ከ50 ወደ 32 በመቶ ወረደ። እዚያ አገር ለዚህ ሥራ በጎ ፈቃደኞች ይሠለጥናሉ። እኛ ጋ አስታማሚ የሚባል ሰው አለ፤ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር፣ ሾርባ በፔርሙዝ የሚያመላልስ። ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ካገኘ ከማንም በላይ ይጠቅማል። እኛ ግን አያቴን «አርፈሽ ተኚ» እያልን ቀን ከሌት አስተኛናት፤ ስትቃዥም «ወንድምሽ እየመጣ ነው» አልናት።

መነጽሯስ? ያለሱ ፊት እንኳ አትለይም። በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች፣ እንዳይሰበር ተብሎ፣ አክስቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር።