አባ ዳኘው በአራዳ፦ የፈረሰኛው ሐውልትና ዕጣ ፈንታው

በአዲስ አበባ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ የቆመው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የነሐስ ሐውልት ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ቀራፂው ጀርመናዊ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የተቀመጡበት ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ብቻ ቆሟል።

ይህን አቋም ለመረዳት ጉግስን ማወቅ ይጠቅማል። ጉግስ ዛሬ የበዓል ጨዋታ ቢሆንም ለጥንቱ ፈረሰኛ የጦር ልምምድ ነበር። ፈረሰኞች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ፤ አንዱ እያሳደደ ዘንግ ሲወረውር፣ የሚሸሸው የቆዳ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል። ፈረሱም በጩኸትና በግርግር መካከል ሳይደነብር ልጓም መታዘዝን የሚማረው በዚያ ሜዳ ነው።

ፈረስ ለጦረኛው ስምም ይሰጠው ነበር። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መቻል» ተብለዋል። «ታጠቅ» ትእዛዝ ነው፤ «ዳኘው» ደግሞ ፍርድ አለበት። ባለቤቱ የሚመኘውን ዕድል በፈረሱ ስም የሚናገር ይመስላል።

የዐድዋ ድል የተገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ብዙዎች ድሉን ለሰማዕቱ ረድኤት ይሰጣሉ፤ ሥዕሉም በነጭ ፈረስ ላይ ነው። ፈረሰኛው ንጉሥ በፈረሰኛው ሰማዕት ደጅ መቆሙ ስለዚህ ያምራል።

ሐውልቱ ግን የራሱ ዕጣ ገጠመው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ስትይዝ የዐድዋን ሽንፈት የሚያስታውሳትን ምስል አስነቅላ አስቀበረችው። ከነጻነት በኋላ ከመሬት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያው አካባቢ ያለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተረሸኑት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ለቀላል ባቡር ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል።

ነሐሱ ተቀብሮም ተገኝቷል። ጉግስ ግን ፈረስ የሚያረባ ገበሬ ካጣ የሚቀበርበት መሬት እንኳ የለውም። በአማራ ክልል ልምዱ ጎልቶ የሚታየው በአዊ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። በወሩ፣ የካቲት 23 ቀን፣ የዐድዋ በዓል አክባሪዎች በአራዳው ሐውልት ሥር ይገናኛሉ።